ስሕተትን ማመልከትና ማረም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሚማሩ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)






በዓል የደስታ ቀን ስለ ሆነ ስለ ስሕተት መናገር ከቀኑ ጋራ የማይስማማ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ፕሮግራም መጻፍ የምንማር ተማሪዎች ከትምህርታችን ካገኘናቸው ቁም ነገሮች መካከል ለማንኛውም ሰው ይጠቅማል ብለን ያመንንበት ይኸው ስለ ሆነ አርእስታችን አድርገነዋል።

ልንናገር የተነሣንበት ሐሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ስሕተትን አይቶ ዝም ማለት ጨዋነት አይደለም፤ ስሕተትን አይቶ መሳደብም ዕውቀት አይደለም። ስሕተትን ሊታረም በሚችልበት አኳኋን ማመልከት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ይህንንም ሥራ ለመሥራት ዲግሪም ሀብትም አያስፈልግም፤ ማስተዋልና ቅንነት ይበቃሉ።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት እናስረዳ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማለት ኮምፒዩተሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚፈጽመውን በተራ በተራ የሚነግር የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ኮምፒዩተር የተጻፈለትን ብቻ ይፈጽማል እንጂ ጸሐፊው በልቡ ያሰበውን አያውቅለትም። እናት ልጇን «ሱቅ ሂድና ዳቦ ግዛ» ብትለው ልጁ ዳቦ ያጣ እንደ ሆነ ተመልሶ ይጠይቃል። ኮምፒዩተር ግን ዳቦ ባይገኝ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ካልተጻፈለት በሱቁ በር እንደ ቆመ ይቀራል፤ ወይም በዳቦው ፈንታ ሳሙና ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ጸሐፊው ባላሰበው መንገድ የሚገለጸውን ጉድለት ባለሙያዎች «ባግ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ተባይ ማለት ነው።

ስለዚህ ቃል ብዙ ጊዜ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በሐርቫርድ ዩኒቨርስቲ ማርክ 2 የተባለው ኮምፒዩተር አልሠራ ብሎ ሲመረመር፣ በውስጡ አንዲት የእሳት ራት ተጣብቃ ተገኘች። ሠራተኞቹም የእሳት ራቷን አውጥተው ከሥራ መዝገባቸው ላይ ለጠፏት፤ ከአጠገቧም ሰዓቱንና የተገኘችበትን የማሽኑን ክፍል ጻፉ። ገጹ እስከ ዛሬ በአሜሪካ በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይገኛል። ቃሉ እንኳ ከዚያ በፊት የነበረ ነው፤ ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1878 ስለ ሥራዎቹ ጉድለት ሲጽፍ ተጠቅሞበታል። እኛን የሚያስደንቀን ግን የእሳት ራቷ መገኘት ሳይሆን ሠራተኞቹ «ተስተካክሏል» ብለው ብቻ አለማለፋቸው ነው። ምን እንደ ተገኘ፣ የትና መቼ እንደ ተገኘ መዝግበው ለሚመጣው ሰው አስቀመጡለት።

ስሕተትን መዝግቦ ማረም ለአገራችንም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎች አንድ ቃል የዘለሉ እንደ ሆነ መጽሐፉን አይጥሉትም፤ የቀረውን ቃል ከመስመሩ በላይ በትንሽ ፊደል ያገቡታል። እንዲህ ያለውንም ጉድለት ግድፈት እንለዋለን። ኅትመት ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ በብዙ የአማርኛ መጻሕፍት መጨረሻ ወይም መጀመሪያ «የስሕተት ማረሚያ» የሚል ሠንጠረዥ እናገኛለን፤ በሠንጠረዡም ገጽ፣ መስመር፣ ስሕተት፣ እርማት የሚሉ ዓምዶች ተሰልፈው ይታያሉ። ስለ ፕሮግራም ስሕተት ዛሬ የምንናገረው ሁሉ በእነዚህ አራት ዓምዶች ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል ብንል ማጋነን አይሆንም። ስሕተቱ የት ነው? ምን ይላል? ምን ማለት ነበረበት? ይኸው ነው።

የፕሮግራም ስሕተት እንደ ቀላል ነገር የሚታየው ሰው ቢኖር እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 የሆነውን ያስታውስ። የአውሮፓ አገሮች በኅብረት የሠሩት፣ ሰው ያልተሳፈረበት አሪያን 5 የተባለ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኩሶ 40 ሰኮንድ ያህል እንደ ቆየ ከመንገዱ ወጥቶ ፈነዳ። ምክንያቱ ሲመረመር ከቀደመው ከአሪያን 4 ተወስዶ የገባ የፕሮግራም ክፍል ሆኖ ተገኘ። ይህ ክፍል አንድን ቁጥር ከ32,767 በላይ ሊይዝ በማይችል ጠባብ ቦታ ለማስቀመጥ ሞክሮ ነበር። በአሪያን 4 ጉዞ ቁጥሩ ከዚያ ወሰን አያልፍም፤ አሪያን 5 ግን ወደ ጎን የሚሄድበት ፍጥነት ከፍ ያለ ስለ ነበር አለፈ። በአንድ ቤት ደኅና የነበረ ነገር በሌላ ቤት አደጋ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በሰው አካል ላይ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ቴራክ 25 የተባለ፣ የካንሰር በሽተኞችን በጨረር የሚያክም መሣሪያ በአሜሪካና በካናዳ በ6 ሰዎች ላይ ከመጠን ያለፈ ጨረር አወረደ፤ ከእነርሱም ውስጥ በዚሁ ምክንያት የሞቱ ነበሩ። በሽተኞች «አቃጠለን» ብለው ሲናገሩ፣ መሣሪያው ይህንን ሊያደርግ አይችልም የሚል መልስ ይሰጥ ነበር። አንድ ነገር ደርሷል ማለትና እንዴት እንደ ደረሰ ማሳየት የተለያዩ ስለ ሆኑ ነገሩ በክርክር ብዙ ጊዜ ፈጀ።

እ.ኤ.አ. በ1986 በቴክሳስ ግዛት በታይለር ከተማ በአንድ የሕክምና ቦታ አደጋው በተደጋገመ ጊዜ ግን፣ የዚያው ቦታ የፊዚክስ ባለሙያ ከመሣሪያው ሠራተኛ ጋራ አብረው ተቀመጡ። ሠራተኛዋ በዚያ ቀን የጻፈችውን አስታወሰች፤ በመጀመሪያ የሌላ ዐይነት ጨረር ፊደል ጽፋ ወዲያው ተመልሳ አስተካክላው ነበር። ይህንኑ ደጋግመው ሲሞክሩት ችግሩ የሚመጣው እርማቱ በጣም በፍጥነት የተጻፈ እንደ ሆነ ብቻ መሆኑን ደረሱበት። ቀስ ብለው ቢጽፉ ምንም አይሆንም፤ ፈጥነው ቢጽፉ መሣሪያው ያንኑ የስሕተት ቁጥር 54 ያሳያል። ከዚያ በኋላ «ሊሆን አይችልም» ለሚለው ቃል ቦታ አልተገኘለትም፤ ስሕተቱ በፈለጉት ሰዓት ተጠርቶ የሚመጣ ሆነ።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ይህንን ታሪክ ስናነሣ ልናሳስባችሁ የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ፕሮግራሙን ያልጻፉ፣ በየዕለቱ ግን የሚሠሩበት ሰዎች፣ ባለቤቶቹ ሊያገኙት ያልቻሉትን ስሕተት አገኙ። ያገኙትም በጩኸት አይደለም፤ ምን እንደ ነካን፣ በምን ቅደም ተከተል እንደ ነካን፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደ ነካን ብለው ራሳቸውን በመጠየቅ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሰላማዊው ሥራ እንመለስ። በዛሬው ዘመን ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በየአገሩ ተበታትነው በሚኖሩ የበጎ ፈቃድ ሠራተኞች ኅብረት ነው። ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርስቲ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1991 አንድ ፕሮግራም በመጻፍ ላይ መሆኑን በኢንተርኔት አስታውቆ፣ ሰዎች የሚወዱትንና የማይወዱትን እንዲነግሩት ጠየቀ። ከዚያ ጥያቄ የተነሣው ሊኑክስ ዛሬ በአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ ውስጥ ይገኛል፤ በዚህ አዳራሽ ካሉትም ስልኮች ብዙዎቹ በእርሱ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የሞዚላ ሠራተኞች የኢንተርኔት መመልከቻ ፕሮግራማቸውን ጽሑፍ ለሕዝብ ሲከፍቱ፣ ባግዚላ የተባለ የስሕተት መዝገብም አብረው አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጊትሀብ የተባለው ድረ ገጽ ሥራ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተውና ፕሮግራም በነጻ የሚያስተምረው ፍሪ ኮድ ካምፕም የትምህርቱን ጽሑፍ በዚያው ገልጦ አስቀምጦታል። ስለዚህ አንድ ተማሪ በትምህርቱ ውስጥ የተሳሳተ ነገር ቢያገኝ፣ በዚያው ቀን ማመልከት፣ ከቻለም አርሞ ማቅረብ ይችላል።

በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ ለእያንዳንዱ ስሕተት ቁጥር ይሰጠዋል። ማን አመለከተ፣ ማን ሊያርመው ተረከበ፣ ምን ተነጋገሩ፣ መቼ ታረመ የሚለው ሁሉ ለሚመለከተው ሰው ግልጥ ሆኖ ይኖራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊጨርሰው የማይችለው ፍለጋ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ይቀላል። ነገር ግን ሎሚው የሚከፋፈለው እያንዳንዱ ሰው የደረሰውን በሥነ ሥርዓት ሲይዝ ነውና ስለ ሥርዓቱ እንነጋገር።

ለምሳሌ ያህል የኢትዮጵያን ቀን ወደ አውሮፓ ቀን የሚለውጥ አንድ ፕሮግራም አለ እንበል። አንድ ሰው ተጠቅሞበት ስሕተት ቢያገኝና «ፕሮግራማችሁ አይሠራም፤ አስተካክሉት» ብሎ ቢጽፍ፣ እውነት ተናግሯል፤ ግን ማንንም አልጠቀመም። አንባቢው የት እንደሚፈልግ አያውቅም፤ ምናልባትም ተቀይሞ ይቀራል። ሌላው ሰው ግን እንዲህ ብሎ ይጽፋል እንበል፤

«አርእስት፤ ጳጉሜን 6 ቀንን አይቀበልም። ያደረግሁት፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ብዬ ጽፌ ለውጥ የሚለውን ነካሁ። የጠበቅሁት፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 የሚል መልስ። ያገኘሁት፤ እንደዚህ ያለ ቀን የለም የሚል መልስ። ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ብዬ ስጽፍ በትክክል ይመልሳል። በ2011 ዓ.ም. ብሞክረውም እንዲሁ ጳጉሜን 6ን አይቀበልም። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆኗል። የሠራሁበት በአንድሮይድ ስልክ ነው። ስለ ድካማችሁ አመሰግናለሁ።»

ይህ ጽሑፍ ከሩብ ገጽ አይበልጥም። ነገር ግን የሚያስፈልገው ሁሉ አለበት። ከርሱም ተነሥተን ደንቦቹን እንዘርዝር።

አንደኛ፤ ከመጻፍ በፊት መዝገቡን መመልከት ያስፈልጋል፤ ሌላ ሰው አስቀድሞ አመልክቶት ከሆነ በዚያው ላይ አዲስ ያገኙትን መጨመር እንጂ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ማስመዝገብ የሠራተኛውን ጊዜ መብላት ነው።

ሁለተኛ፤ አርእስቱ አጭርና ነገሩን የያዘ ይሁን። «እባካችሁ እርዱኝ» የሚል አርእስት ለሺህ ስሕተት ይስማማል፤ «ጳጉሜን 6 ቀንን አይቀበልም» የሚለው ግን ለአንዱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ያደረግነውን በተራ መጻፍ፣ የጠበቅነውንና ያገኘነውን ለያይቶ መግለጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ ሰው ያገኘውን ይናገራል፤ የጠበቀውን ግን ሁሉ የሚያውቀው ይመስለውና ይተወዋል። የኛን አቆጣጠር ለማያውቅ አራሚ ግን ጳጉሜን የምትባል ወር መኖርዋ ራሱ አዲስ ነገር ነው።

አራተኛ፤ ያየነውንና የገመትነውን አንቀላቅል። «ጳጉሜን 6ን አይቀበልም» ያየነው ነው፤ «ጸሐፊው ወሩን 5 ቀን ብቻ አድርጎታል» የሚለው ግምት ነው። ግምትም ይጠቅማል፤ ግን ግምት ተብሎ ይጻፍ።

አምስተኛ፤ ቃላችን ትሑት ይሁን። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ብዙ ጊዜ ከዕረፍቱ ሰዓት ቀንሶ፣ ያለ ደመወዝ የሠራ ነው። ስለ ሥራው እንነጋገር እንጂ ስለ ሰውየው አንነጋገር።

ማመልከቻው ከቀረበ በኋላ የአራሚው ተራ ይደርሳል። አራሚው መጀመሪያ የሚያደርገው ስሕተቱን በራሱ ኮምፒዩተር ደግሞ ማየት ነው፤ ያላዩትን በሽታ ማከም አይቻልምና። ከዚያም ምክንያቱን ይፈልጋል። በምሳሌያችን ያለው ፕሮግራም ሲመረመር ጸሐፊው የአውሮፓውያንን ደንብ እንዳለ ወስዶት ይሆናል፤ ይኸውም ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል አንድ ቀን ይጨመራል የሚለው ነው። በኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። 2011፣ 2015፣ 2019 እንዲህ ያሉ ዓመታት ናቸው። አባቶቻችን ይህንን ያለ ኮምፒዩተር ያውቁታል፤ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ዘመነ ዮሐንስ ብለው ይቆጥሩና ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው ይሉናል። እንግዲህ ፕሮግራም ጽፈው የማያውቁ አንድ አረጋዊ የፕሮግራም ጸሐፊ የሳተውን ሊያርሙ ይችላሉ ማለት ነው።

ጥሩ አራሚ ምክንያቱን ካገኘ በኋላ አንዷን ዓመት ብቻ አስተካክሎ አይተውም። «2015 ከሆነ 6 ቀን አድርግ» ብሎ መጻፍ ቁስሉን መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም፤ በ2019 ያው ስሕተት ተመልሶ ይመጣል። ደንቡን ራሱን ያርማል። ከእርማቱም ጋራ መፈተኛ ይጽፋል፤ መፈተኛ ማለት ወደ ፊት ሌላ ሰው ሳያውቅ ያንን ስሕተት ቢመልሰው ወዲያው የሚያስጠነቅቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ከዚያም እርማቱን ሌላ ባልደረባ ያነብለታል። ባልደረባው ሳያነበው የታረመው ነገር በዋናው ሥራ ውስጥ አይገባም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የተባለው በዚህ ቦታ የሥራ ደንብ ሆኗል። በመጨረሻም ለአመልካቹ «ታርሟልና ሞክረው» የሚል መልስ ተልኮለት መዝገቡ ይዘጋል።

ስሕተቱ ሲነገረው የሚቆጣ ሠራተኛ ግን ይህን ሁሉ ያበላሸዋል። በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚመሰገኑት አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ዶናልድ ክኑት ናቸው። እኚህ ሰው በመጻሕፍታቸው ውስጥ ስሕተት ላገኘ ሰው ሁሉ 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም የሚከፈልበት ቼክ ይሰጡ ነበር፤ 256 ለኮምፒዩተር ሰዎች የታወቀ ቁጥር ስለ ሆነ ነው። ቴክ በተባለው የመጽሐፍ ማዘጋጃ ፕሮግራማቸው ላይ ስሕተት ላገኘ ደግሞ ሽልማቱን እያሳደጉ እስከ 327 ዶላር ከ68 ሳንቲም አድርሰውታል። ከተቀባዮቹ ብዙዎች ገንዘቡን ሳያወጡ ቼኩን በመስታወት አድርገው በግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ሊቁን ማሳፈራቸውን ለማሳየት አይደለም፤ ከሊቁ ሥራ ውስጥ የነርሱም ድርሻ ስለ ገባበት ነው።

ስለ አንድ ዐይነት ስሕተት ግን ለብቻው መናገር ይገባናል። ይህም ለሌባ በር የሚከፍት ስሕተት ነው። እንዲህ ያለውን በአደባባይ ማመልከት ለጎረቤት «በርህ ተሰብሯል» ብሎ በገበያ መካከል እንደ መጮኽ ይሆናል። ስለዚህ ለባለቤቱ በምሥጢር ይነገራል፤ ከታረመ በኋላ ለሕዝብ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለው ፕሮግራም ውስጥ የገባው ሀርትብሊድ የተባለ ስሕተት፣ የብዙ ድረ ገጾችን ምሥጢር ለሌላ የሚያሳይ ሆኖ ሁለት ዓመት ያህል ተደብቆ ኖረ፤ ካገኙት በኋላ እርማቱ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2014 ለዓለም ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ደግሞ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በሥራው ላይ አንድ ግንኙነት ግማሽ ሰኮንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ «ለምን?» ብሎ ቢከታተለው፣ ኤክስዜድ በተባለ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የሌባ በር አገኘ። ብዙ ሰው «ኮምፒዩተሩ ደክሞታል» ብሎ የሚያልፈውን ግማሽ ሰኮንድ እርሱ ስላላለፈው፣ ያ የሌባ በር በዓለም በሰፊው ሳይሰራጭ ቀረ።

በአገራችንም ተማሪዎችን በቀጥታ የነካ ፈተና ደርሷል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ በደረሰ ጉድለት ብዙ ሰዎች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ቻሉ፤ ከነርሱም ውስጥ ብዙዎቹ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ የማይገባ ሆኖ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገለጸ። ዩኒቨርስቲዎችም ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ አሳሰቡ፤ ብዙዎች መለሱ። እኛ በማንም ላይ ለመፍረድ አልተነሣንም። ነገር ግን በዚያ ሌሊት ወሬው ከስልክ ወደ ስልክ ሲሮጥ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በእጁ ሁለት መንገድ ነበረው፤ አንዱ ስሕተቱን መጠቀም፣ ሁለተኛው ስሕተቱን ማመልከት። ሁለቱም የሚጀምሩት ከአንድ ዕውቀት ነው። የሚለያያቸው ልብ ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት እጃችንን ብቻ አሠልጥኖ ልባችንን ያልነካው እንደ ሆነ፣ ለአገር የሚያፈራው ምን እንደሚሆን ወላጆችና መምህራን ያስቡበት።

በመጨረሻ ይህ ሥራ በተለይ የኛ የሚሆንበትን ምክንያት እንናገር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ገብቷል። በመሆኑም ዛሬ በስልካችን በአማርኛ እንጻጻፋለን። ነገር ግን ፊደሉ መግባቱ ብቻ ሁሉን አያስተካክልም። «ሥራ» ብለን የጻፍነውን «ስራ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ ለኮምፒዩተሩ ሠ እና ሰ የማይተዋወቁ ሁለት ፊደላት ናቸውና። ብዙ ቅጾች የቤተ ሰብ ስም ካልተጻፈ አይቀበሉም፤ እኛ ግን የምንጠራው በአባታችን ስም ነው። ለኛ የቀኑ 1 ሰዓት ለብዙው ዓለም 7 ሰዓት ነው፤ ወሮቻችንም 13 ናቸው። እነዚህን ሁሉ በሌላ አገር ተቀምጦ የሚጽፍ ባለሙያ በክፋት አይስታቸውም፤ ስላልነገርነው ነው። እርሱ ሊያየው የማይችለውን እኛ በየዕለቱ እናየዋለን። ከኛ በቀር ሊነግረው የሚችል ማን አለ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። በቋንቋችን ላይ የሚደርሰውን ጉድለት እያየን «የውጭ ሰዎች ሥራ ነው» ብለን ዝም ካልን፣ የምንደብቀው የራሳችንን በሽታ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ የሚከተለውን በትሕትና እንጠይቃችኋለን። የምትሠሩበት ፕሮግራም ቢሳሳት ከመናደዳችሁ በፊት ምን እንደ ነካችሁ አስታውሱ፤ ደግማችሁ ሞክሩ፤ ጻፉ፤ ለሚመለከተው ላኩ። ፕሮግራም መጻፍ ያልተማራችሁ ብትሆኑም ሥራው ለናንተም ክፍት ነው፤ ጂኦግራፊ የሚወድ ተማሪ የካርታ ስሕተት፣ አማርኛ የሚወድ የፊደል ስሕተት ያገኛል።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር የተሳሳተ ይመስለኛል» ሲል፣ በጨዋ ቃል እስከ ተናገረ ድረስ ድፍረት እንዳይቆጠርበት እንለምናችኋለን። በክፍል ውስጥ ማመልከት ያልለመደ ልጅ ነገ በሆስፒታል ወይም በባንክ ሲሠራ ስሕተት ቢያይ ዝም ይላል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጅ የሰበረውን ዕቃ ራሱ መጥቶ ሲናገር፣ ከቅጣቱ አስቀድማችሁ ስለ መናገሩ አመስግኑት። ቤቱ እውነት የማያስፈራበት ከሆነ ልጁ በሄደበት ሁሉ እውነት ይናገራል።

ትምህርት ቤት ማለትም በመሠረቱ ስሕተት ያለ ኀፍረት የሚታረምበት ቤት ነው። በደብተራችን ላይ በቀይ ቀለም የተጻፉት ምልክቶች ሁሉ የመምህራኖቻችን ማመልከቻዎች ናቸው፤ እኛም እነርሱን እያረምን ከክፍል ወደ ክፍል ተሻግረናል። ለዚህ ድካማቸው በዚህ የበዓል ቀን ምስጋናችንን እናቀርባለን።

ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜና መልካም ፍሬ እንመኛለን።